ተኝታ የሰነበተችው ሲንጀር

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብሁት ግጥም አይደለም፤ የአንዲት የልብስ ስፌት መኪና ታሪክ ነው። ቀን ከባንክ መስኮት ጀርባ የሰው ገንዘብ ሲቆጥር የሚውል፣ ማታ ስንኝ ሲቋጥር የሚያመሽ ሰው ስለ ብረት ምን አገባው ትሉ ይሆናል። እስከ መጨረሻው ስሙኝና ፍረዱኝ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጦ፣ ፔዳል እየረገጠ፣ አራት ልጆቹን በአንዲት ጥቁር ሲንጀር አሳደገ። እርሱ ካረፈ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። መኪናይቱም ከዚያ ወዲህ ከእናቴ አልጋ አጠገብ ዳንቴል ለብሳ ቆማ ኖራለች። በኋላ የሰፈራችን ቤቶች ለልማት እንዲፈርሱ ተወሰነ፤ እናቴም ወደ ጠባብ ኮንዶሚኒየም ልትገባ ሆነ። በዚያ ቤት ለማትሠራ መኪና የሚተርፍ ቦታ አልነበረም። መዘውሯ ድርቅ ብሎ ቀርቷል፤ በሁለት እጅ ቢታገሉት እንኳ ንቅንቅ አይልም። ቁራሌው መጣና በኪሎ ሊገዛት ዋጋ ጠራ። እናቴ አልመለሰችለትም፤ ፊቷን ብቻ ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔም የሦስት ሳምንት ጊዜ እንድትሰጠኝ ለመንኋት።

ብሎኗን ከመንካቴ በፊት ማንነቷን ለማወቅ ፈለግሁ። በአካሏ ላይ የተመታው ቁጥር «ዋይ» በሚባለው የላቲን ፊደል ይጀምራል። ይህ ፊደል በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል በስኮትላንድ፣ በክላይድባንክ ከተማ ለተሠሩ ሲንጀሮች የተሰጠ ነው። ያ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1885 ተከፈተ፤ በ1913 ብቻ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ መኪኖች ከደጁ ወጡ፤ በ1980 ደግሞ ለዘለዓለም ተዘጋ። ፋብሪካው ባይኖርም በአጠገቡ የነበረው የባቡር ጣቢያ እስከ ዛሬ «ሲንጀር» ተብሎ ይጠራል።

የስፌት መኪና ታሪክ ከሲንጀር በፊት ይጀምራል። ፈረንሳዊው ልብስ ሰፊ ባርተሌሚ ቲሞኒዬ እ.ኤ.አ. በ1830 ለፈጠራው የባለቤትነት መብት አገኘ። የወታደር ልብስ ይሰፋባቸው የነበሩትን መኪኖች ግን «እንጀራችንን ሊነጥቁን ነው» ያሉ የሙያ ባልደረቦቹ ገብተው ሰባበሩበት። በ1846 አሜሪካዊው ኤልያስ ሆው ዓይኗ በጫፏ ላይ የሆነ መርፌ ያላትንና በሁለት ክር የምትሰፋውን መኪና አስመዘገበ። አይዛክ ሲንጀር የራሱን ያስመዘገበው በ1851 ነው።

እኔን የባንክ ሠራተኛውን ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ ግን የሲንጀር ሸሪክ ኤድዋርድ ክላርክ ነው። ይህ ሰው በ1856 ገዥው በየወሩ ጥቂት ጥቂት እየከፈለ መኪናውን ቤቱ እንዲወስድ ፈቀደ። በአንድ ጊዜ ከፍሎ ሊገዛ የማይችል ድኻ፣ መኪናው ራሱ ሰፍቶ በሚያስገኘው ገንዘብ የመኪናውን ዕዳ ይከፍል ጀመር። ቲሞኒዬን ያሳደደው የልብስ ሰፊ ፍርሃት በከፊል የተፈታው በዚህ ይመስለኛል፤ መኪናው የጌታ ብቻ ሳይሆን የሠራተኛውም ንብረት መሆን ቻለ። አባቴም የእርሱን ከአንድ ነጋዴ በዱቤ እንደ ገዛትና ዕዳዋን በሁለት ዓመት ሰፍቶ እንደ ጨረሰ እናቴ አጫውታኛለች።

ወደ ደረቀው መዘውር ልመለስ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ፒንሳና መዶሻ ነበር። ደግነቱ አስቀድሜ መርካቶ ወርጄ በስፌት መኪና ጥገና ያረጁ አንድ አባት አማከርሁ። ነገሩን ሰምተው ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ተኝታ እንጂ ሞታ አይደለም። የሚሰብራት የአንተ ጉልበት ነው» አሉኝ።

እርሳቸው እንዳስተማሩኝ ከቀላሉ ጀመርሁ። መርፌዋን ነቀልሁ፤ ቺንጋዋን አወለቅሁ፤ በካቻቢቴ ከመርፌው ሥር ያለውን ሳህን ፈትቼ የታችኛውን ክር የያዘውን ክፍል አወጣሁ። ብዙ ጊዜ መኪና የሚያንቀው በዚያ የተሰነቀረ ቁራጭ ክር ነው። እኔም አገኘሁ፤ ጨርቅ በሚገፉት ጥርሶች መካከልም የጥጥ ብናኝ እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ ነበር። በመርፌ ጫፍ እየቆፈርሁ አወጣሁት። መዘውሩ ግን ንቅንቅ አላለም። እንግዲህ ችግሩ ከክር የጠለቀ ነው ማለት ነው።

ሲንጀር ከመኪኖቹ ጋር በሚሰጠው የአጠቃቀም መጽሐፍ ለዚህ መድኃኒት አስቀምጦ ነበር። መኪናይቱ ሥራ ፈትታ ቆይታ መዞር ከከበዳት በዘይት ማጠጫዎቿ ጥቂት ነጭ ጋዝ ማድረግ፣ ፈጠን አድርጎ ማዞር፣ ከዚያ ጠርጎ አዲስ ዘይት ማጠጣት ይላል። ይህን ሳነብ ልቤ ተነካ። የሠሯት ሰዎች አንድ ቀን ሥራ ፈትታ እንደምትቆም ያውቁ ነበር፤ ስለዚህም መቆሟን እንደ ሞት አልቆጠሩትም።

የእኔይቱ ጭራሽ ስለማትዞር ትዕግሥት ጨመርሁበት። በየማታው ከሥራ ስመለስ ብረት ከብረት በሚገናኝበት ሁሉ ነጭ ጋዝ ጠብ ጠብ አደርጋለሁ፤ መስኮት እከፍታለሁ፤ እሳት አላስጠጋም። አልኮል በአጠገቧ አላሳለፍሁም፤ አልኮል ጥቁሩን ቅብና የወርቅ ሐረጉን ይበላል። በማግሥቱ መዘውሩን ሳላስገድድ ወዲያና ወዲህ እሞክረዋለሁ። እሁድ ደጅ አውጥቼ ፀሐይ አሞቅኋት። በአምስተኛው ቀን መዘውሩ የአንድ ጣት ስፋት ያህል ሄደልኝ። እንደ ሕፃን ጮኽሁ።

ከዚያ በኋላ ከየመገጣጠሚያው ቡናማ ሙጫ መሰል ነገር ይወጣ ጀመር። ዝገት ነው ብዬ ነበር፤ በጣቴ ስነካው ግን ተጣበቀብኝ። ሳሸትተው የወጥ ቤት ሽታ ሸተተኝ። እናቴን «ከአባባ በኋላ ዘይት ያጠጣት ሰው ነበር እንዴ?» ስል ጠየቅኋት።

«እኔ ነኝ እንጂ፤ እንዳትደርቅብኝ ብዬ። የእርሱ ዘይት ሲያልቅ ከኑጉ በየወሩ ጠብ አደርግላት ነበር» አለችኝ።

ሰዓሊ ወዳጆቼ ቀለማቸውን በተልባ ዘይት የሚለውሱት ዘይቱ አየር ሲያገኘው ስለሚጠጥርና እንደ ቫርኒሽ ስለሚሆን ነው። የሀገራችን ኑግም ጠባዩ ከተልባ ይቀራረባል። ለወጥ የተባረከው ዘይት ለብረት መገጣጠሚያ ማሰሪያ ሆኖበታል። አንድ ወር ቢሆን ባልጎዳ፤ በየወሩ፣ ያውም ለማትንቀሳቀስ መኪና፣ በንብርብር ላይ ንብርብር እየደረቀ መዘውሩን አጣብቆ ያዘው። መኪናይቱን ያቆማት ቸልታ አልነበረም፤ የእናቴ ፍቅር ነበር። ካቻቢቴውን እንደያዝሁ ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ቆየሁ።

በአሥራ ሁለተኛው ማታ መዘውሩ ሙሉ ዙር ዞረ። ነጭ ጋዝ ማጽጃ እንጂ ማለስለሻ ስላልሆነ ያለውን ሁሉ ጠርጌ፣ ትክክለኛውን የስፌት መኪና ዘይት አጠጣሁ፤ እስኪለሰልስም አዞርሁት። ቺንጋዋን አስገባሁ፤ አዲስ መርፌ ተከልሁ። እናቴ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ የአዲሱን ቤት መጋረጃ ጠርዝ ከመርፌው ሥር አኖረች። ፔዳሉን ስትረግጥ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ድምፅ ቤቱን ሞላው።

ጥቂት ሰፍታ ቆም አለችና «ምን ሆና ነበር ግን?» ስትል ጠየቀችኝ።

የኑጉ ነገር ከአፌ ደርሶ ነበር። መጽሐፉ ያለው ትዝ አለኝና ዋጥ አደረግሁት።

«ምንም አልሆነች፣ እማዬ፤ ሥራ ፈትታ ስለሰነበተች ነው» አልኋት።

ይህም ውሸት አይደለም፤ ብትንቀሳቀስ ኖሮ ኑጉም ባልጠጠረባት። የዘይት ጠርሙሱን ግን ከመሳቢያዋ አስቀምጬላታለሁ፤ ከእንግዲህ ከወጥ ቤት አትበደርም። በየቤታችሁ በዳንቴል ተሸፍና የቆመች መኪና ካለች፣ ቁራሌውን ከመጥራታችሁ በፊት መዘውሯን ቀስ ብላችሁ ሞክሩት።

ቸር እንሰንብት።