አይቶ መማር፦ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ክህሎትን በቪዲዮ ማስተማር

እጅ መታጠብ፣ ልብስ መልበስ፣ እንግዳ ሲመጣ ሰላም ማለት ብዙ ልጆች ማንም ለብቻ ሳያስተምራቸው ታላላቆቻቸውን እያዩ የሚለምዷቸው ተግባራት ናቸው። ኦቲዝም ላለባቸው ብዙ ልጆች ግን ይህ መንገድ ብቻውን አይበቃም። በቃል የሚሰጥ ረጅም ትዕዛዝም ያስቸግራቸዋል። በመጨረሻ ቤተሰቡ “አይችልም” ብሎ ሁሉንም ነገር ይሠራለታል፤ ልጁም ሳይለምደው ያድጋል። ይህን ክፍተት ለመሙላት ከሚያገለግሉ ስልቶች አንዱ “ቪዲዮ ሞዴሊንግ” ይባላል።

ምንነቱ

በዚህ ስልት አንድን ተግባር በትክክል የሚፈጽም ሰው በአጭር ቪዲዮ ተቀርጾ ለልጁ ይታያል። ልጁም እንዳየ ወዲያውኑ ራሱ እንዲሞክር ይደረጋል። አርሶ አደሩ በመስመር መዝራትን በስብሰባ ከመስማት ይልቅ በሠርቶ ማሳያ ማሳ ላይ ሲያየው በቀላሉ እንደሚቀበለው ሁሉ፣ ልጁም ከሚነገረው ይልቅ የሚያየው ይቀለዋል። ቪዲዮው ደግሞ አሥር ጊዜ ቢታይ አሥሩንም ጊዜ ያው ነው፤ አይሰለችም፣ አይቆጣም፣ ቅደም ተከተሉንም አይለዋውጥም።

የሐሳቡ መነሻ የሥነ ልቦና ሊቁ አልበርት ባንዱራ ሥራ ነው። ባንዱራ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ባካሄዷቸው ሙከራዎች ልጆች በአካል ያዩትን ብቻ ሳይሆን በፊልም ያዩትንም ድርጊት እንደሚቀዱ አሳይተዋል። በ2000 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኦቲዝም ባለባቸው አምስት ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት በቪዲዮ ማሳየትን በአካል ከማሳየት ጋር አነጻጽሯል። በጥናቱ በቪዲዮ የቀረቡት ክህሎቶች በፍጥነት ተለምደዋል፤ ወደ ሌላ ቦታና ወደ ሌሎች ሰዎችም ተሸጋግረዋል። በ2007 እ.ኤ.አ. 23 ጥናቶችን በአንድነት የመረመሩት ስኮት ቤሊኒ እና ጄኒፈር አኩሊያንም ስልቱ ውጤታማ መሆኑን ገልጸዋል።

ዓይነቶቹ

የተለመዱት አራት ናቸው። በመጀመሪያው ወላጅ፣ ወንድም፣ እህት ወይም እኩያ ልጅ ተግባሩን ሲፈጽም ይቀረጻል። በሁለተኛው የሚቀረጸው ልጁ ራሱ ነው፤ እየታገዘ ይሠራና እርዳታው ከቪዲዮው ተቆርጦ ሲወጣ ልጁ ራሱን ሲችል ያያል። በሦስተኛው ካሜራው በሠሪው ዐይን በኩል ሆኖ እጆችን ብቻ ያሳያል። በአራተኛው ደግሞ ቪዲዮው በየደረጃው ይቆማል፤ ልጁ አንዱን ደረጃ ሲፈጽም ቀጣዩ ይከፈታል።

በቤት ውስጥ አተገባበሩ

ለዚህ ሥራ ካሜራ ያለው የእጅ ስልክ ይበቃል። ለመቅረጽም ሆነ ለማሳየት ኢንተርኔት አያስፈልግም።

በቅድሚያ አንድ ክህሎት ብቻ ይመረጣል። ክህሎቱም በየደረጃው ይከፋፈላል። ለምሳሌ እጅ መታጠብ ሰባት ደረጃ ሊኖረው ይችላል፦ እጅጌን መሰብሰብ፣ እጅን ማርጠብ፣ ሳሙና መቀባት፣ መዳፍንና የእጅን ጀርባ ማሸት፣ በጣቶች መካከል ማሸት፣ በውኃ ማለቅለቅ፣ በፎጣ ማድረቅ። ልጁ ከእነዚህ የትኞቹን እንደሚችል አስቀድሞ ማየትና መጻፍ በኋላ ለውጡን ለመለካት ይረዳል።

ቪዲዮው ከሁለትና ከሦስት ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል። ስልኩ ሳይንቀጠቀጥ፣ ቦታው ጸጥ ያለና ትኩረት የሚሰርቅ ነገር የሌለበት ሊሆን ይገባል። ዕቃው የቤቱ ዕቃ መሆን አለበት። ቤተሰቡ በጆግና በሳፋ የሚታጠብ ከሆነ የቧንቧ ውኃ የሚያሳይ ቪዲዮ ልጁን ሊያደናግረው ይችላል። ንግግሩም “ሳሙና ቀባ”፣ “አለቅልቅ” እንደሚሉት አጭር ይሁን። በቀረጻው ስህተት ከገባ እንደገና መቅረጽ ያሻል፤ ልጁ ስህተቱንም ሊቀዳው ይችላልና።

ቪዲዮው በየቀኑ ተግባሩ ሊፈጸም ሲል፣ ለምሳሌ ምሳ ከመቅረቡ በፊት፣ ይታያል። ወዲያው ዕቃው ቀርቦለት ልጁ ይሞክራል። ትንሽም ቢሆን ሲሳካለት ሊመሰገን ይገባል። በአንድ ደረጃ ላይ ከቆመ ያንን ክፍል ለብቻው ደጋግሞ ማሳየት ይጠቅማል። ልጁ ሲለምድ ቪዲዮው ቀስ በቀስ ይቀነሳል፤ ግቡ ያለ ስልክ እንዲሠራ ነው። ለዶሮ ጥሬ መበተን፣ አልጋ ማንጠፍ፣ መንገድ ከማቋረጥ በፊት መቆምም በዚሁ መንገድ ሊለመዱ ይችላሉ። መንገድን በሚመለከት ግን ልምምዱ ሁልጊዜ አዋቂ እጁን ይዞት መሆን አለበት።

ጥንቃቄዎች

ስልቱ ለሁሉም ልጅ እኩል አይሠራም። ምስል ላይ ለጥቂት ጊዜ ማተኮር ወይም የሌላውን ድርጊት መቅዳት ገና ያልጀመረ ልጅ አስቀድሞ ሌላ ድጋፍ ያስፈልገዋል። ልጁን ለሰዓታት ስልክ ሰጥቶ ማስቀመጥም ማስተማር አይደለም። የልጁን ቪዲዮ በማኅበራዊ ሚዲያ መልቀቅ ክብሩንና ደኅንነቱን ሊጎዳ ስለሚችል ቀረጻው በቤተሰቡና በመምህሩ ዘንድ ሊቆይ ይገባል።

ቪዲዮ ሞዴሊንግ የማስተማሪያ ስልት እንጂ ኦቲዝምን የሚያድን መድኃኒት አይደለም። ኦቲዝም ከአእምሮ ዕድገት ጋር የተያያዘ ሁኔታ ነው፤ የእርግማን ወይም የወላጅ ጥፋት ውጤት አይደለም። በኢትዮጵያ ይህን ግንዛቤ በማስፋት ይታወቁ የነበሩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። እርሳቸው የኦቲዝም ልጅ እናት የነበሩ ሲሆን፣ በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ መሥርተዋል።

ከማዕከላት ርቀው የሚኖሩ ቤተሰቦች ስለ ልጃቸው ዕድገት ሲጠራጠሩ ወደ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም በአቅራቢያቸው ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄደው ልጁን ማስመርመር ይገባቸዋል። በትምህርት ቤት የልዩ ፍላጎት መምህር ካለ ክህሎቱን ከመምህሩ ጋር መርጦ አንዱኑ ቪዲዮ በቤትም በክፍልም መጠቀም ልጁ የተማረውን በሁለቱም ቦታ እንዲፈጽም ይረዳዋል።