ቃርና መድኃኒቶቹ በድሬዳዋ፦ ከቅመም መደብ እስከ ኦሜፕራዞል

በድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ከቅመም መደብ ፊት ቆሞ «ለቃር የሚሆን ምን አለ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ያለ መልስ አይመለስም። አብሽ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ዝንጅብል፣ ተልባ በየተራ ይጠቀሱለታል። እያንዳንዱም ቅመም እንደ ገዢው ቋንቋ ሁለትና ሦስት ስም አለው። አማርኛ ተናጋሪው አብሽ የሚለውን ሐረሪው ሁልበት፣ ዓረቡ ሑልባ፣ ህንዱ ሜቲ ይለዋል። ዝንጅብል የሚለው ቃል ራሱ ከሳንስክሪት ተነሥቶ በፋርስና በዓረብኛ በኩል ወደ እኛ የደረሰ መንገደኛ ነው።

የስሞቹ መደራረብ ከከተማይቱ አመሠራረት ጋር የተያያዘ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1902) ከደቻቱ ወንዝ አጠገብ ሲደርስ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ሐዲዱ አዲስ አበባ እስከ ገባበት እስከ 1909 ዓ.ም. ድረስም የአገሪቱ የንግድ በር ሆና ቆየች። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራውና ጉራጌው ከየመን ዓረብ፣ ከግሪክ፣ ከአርመንና ከህንድ ነጋዴዎች ጋር በአንድ ገበያ ተገናኙ። ከህንዶቹ ብዙዎቹ ከጉጃራት የመጡ ሲሆኑ፣ ከመካከላቸው ትልቁ የመሐመድ አሊ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1937 በኢጣሊያ አስተዳደር ከአገር እስኪባረር ድረስ በመላ ኢትዮጵያ ይታወቅ ነበር። እነዚህ ሰዎች የመጡት ጨርቅና ሸቀጥ ሊሸጡ እንጂ ሊያክሙ አይደለም። ነገር ግን የነጋዴ ቤት ወጥ ቤት አለው፤ በህንድ ወጥ ቤት ደግሞ በቅመምና በመድኃኒት መካከል ግድግዳ የለም።

የህንዱ የሕክምና ሥርዓት አዩርቬዳ ቃርን ከጥንት ጀምሮ ለይቶ ያውቀዋል። በ7ኛው ወይም በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ የተጻፈው የማድሀቫ የበሽታዎች መጽሐፍ «አምላፒታ» በሚል ስም የተለየ ምዕራፍ ሰጥቶታል፤ ትርጉሙም ኮምጣጣ ሐሞት ማለት ነው። መጽሐፉ የምግብ አለመፈጨትን፣ መራራና ኮምጣጣ ግሳትን፣ የደረትና የጉሮሮ መቃጠልን፣ ማቅለሽለሽን ይዘረዝራል። ዛሬ በተመላላሽ ክፍል የተቀመጠ ሐኪም ከካርዱ ላይ ከሚጽፈው ብዙ አይርቅም።

እዚህ ላይ በገበያው የተዘነጋ አንድ ነገር አለ። አዩርቬዳ ለአምላፒታ የሚያዘው በአብዛኛው አብራጅ የሚላቸውን ነው፤ አምላ የተባለውን ፍሬና ዓረቦች ዒርቅ ሱስ የሚሉትን ጣፋጭ ሥር ከመጀመሪያዎቹ ይቆጥራል። ነጭ አዝሙድ ግን በዚያው ሥርዓት ትኩስ ነው፤ የሚሰጠው ለሆድ መነፋትና ለቁርጠት እንጂ ለሚያቃጥል ደረት አይደለም። ቅመሙ ባሕር ሲሻገር ልዩነቱ ተሻግሮ አልመጣም። በእኛ ዘንድ ቃሩም፣ ንፋቱም፣ ቁስለቱም «ጨጓራ» በምትባል አንዲት ቃል ተጠቃለለ፤ መድኃኒቱም እንደዚሁ።

ዒርቅ ሱስ ከቅመሞቹ ሁሉ ወደ ዘመናዊው ሕክምና የገባበት ታሪክ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 ሬቨርስ የተባለ የኔዘርላንድ ሐኪም የጨጓራ ቁስለት ሕሙማንን እንደሚረዳ አስታወቀ። በዚያውም የአንዳንዶቹ ሰውነት እንደሚያብጥ አየ። ከሥሩ የተሠራው ካርቤኖክሶሎን በ1960ዎቹ በብሪታንያ ለጨጓራ ቁስለት ታዘዘ፤ የደም ግፊት የሚጨምርና ፖታሲየም የሚያሳንስ በመሆኑ፣ የተሻሉ መድኃኒቶች ሲመጡ ቦታውን ለቀቀ። ጉዳቱ ከሥሩ ጋር ያለ ነው፤ ግፊት ያለበት ሰው አዘውትሮ ቢወስደው ዛሬም ያገኘዋል።

አብሽ ከዚህ ይልቅ የዋህ ነው። ተዘፍዝፎ ሲያድር የሚያወጣው ልጥ፣ እንደ ተልባው ሁሉ፣ የጉሮሮ ቧንቧንና የጨጓራን ግድግዳ ይሸፍናል ተብሎ ይታሰባል። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት ከምግብ በፊት የተወሰደ የአብሽ ጭረት ቃርን እንዳቀለለ ዘግቧል። ጥናቱ ትንሽ ስለሆነ ብዙ ሊሸከም አይችልም፤ የገበያዋን ነጋዴ ግን ፈጽሞ ሐሰተኛ አያደርጋትም። አብሽ የደም ስኳርን ስለሚያወርድ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሲጠጣው ጥንቃቄ ይሻል። ስለ እርድም እንዲሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በታይላንድ 206 የምግብ አለመፈጨት ሕሙማን ላይ የታተመ ጥናት ከእርድ የሚገኘው ኩርኩሚን ከኦሜፕራዞል ጋር ተቀራራቢ ውጤት እንዳለው አሳይቷል። ይህ ግን ስለ ምግብ አለመፈጨት እንጂ አሲድ ወደ ላይ ስለመመለሱ አይደለም።

የዘመናዊው ሕክምና የራሱ ታሪክም ለትዕቢት የሚያበቃ አይደለም። አሜሪካዊው ሐኪም ሲፒ እ.ኤ.አ. በ1915 ባስተዋወቀው የአመጋገብ ሥርዓት መሠረት ሕሙማን በየሰዓቱ ወተትና ክሬም ሲጠጡ ከግማሽ ምእተ ዓመት በላይ ቆይተዋል። ወተት ለጊዜው ያስታግሣል፤ ካልሲየሙና ፕሮቲኑ ግን ጨጓራ ተጨማሪ አሲድ እንዲያመነጭ ያደርጋሉ። እውነተኛው ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1976 በሲሜቲዲን፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በኦሜፕራዞል ነው። በ1982 ዋረንና ማርሻል ያገኙት ሄሊኮባክተር ፓይሎሪም ቁስለትን በፀረ ተሕዋስያን የሚድን በሽታ አደረገው፤ በ2005 ኖቤል አሸለማቸው። ይህን ተሕዋስያን ግን አብሽም ሆነ ዝንጅብል ብቻውን ያጠፋዋል ብሎ መናገር አይቻልም።

የድሬዳዋ ሰው ቃር የራሱ ሰዓት አለው። ሙቀቱ ከምሳ በኋላ ጋደም ያሰኛል፤ ጋደም ማለት ደግሞ የአሲዱን መንገድ ያስተካክላል። ከዚያ በርጫው ይቀጥላል። ካቲኖን የተባለው የጫት ንጥረ ነገር ጨጓራ ምግቡን ቶሎ እንዳይለቅ ያዘገያል፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1995 በጤነኛ ፈቃደኞች ላይ ተለክቷል። ለጨብሲ የሚጠጣው መጠጥ የጉሮሮ ቧንቧውን የታችኛውን መዝጊያ ያላላል፤ ዘግይቶ የሚበላው እራትም ከመኝታ ጋር ይገጥማል። ይህን ሁሉ ሳይነካ የሚታዘዝ ኦሜፕራዞልም ሆነ የሚዘፈዘፍ አብሽ ግማሽ ሥራ ይሠራል።

ታሽጎ የሚሸጠው የአዩርቬዳ መድኃኒት ከወጥ ቤቱ ቅመም ጋር በአንድ ዐይን ሊታይ አይገባውም። እ.ኤ.አ. በ2004 በቦስተን አካባቢ ካሉ የደቡብ እስያ ሱቆች ተገዝተው ከተመረመሩ 70 ዓይነቶች ውስጥ በ14ቱ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቷል። በአንዳንዶቹ ብረቱ የሚጨመረው ሥርዓቱ በሚያዘው መሠረት ነው። ከውጭ በዘመድ እጅ ለሚመጣ ዱቄትና ክኒን ይህ ይበቃል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን መድኃኒቱ ራሱ ሳይሆን የሚወስደው ጊዜ ነው። ከድሬዳዋ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲኬድ የሚገኙት አርሲና ባሌ የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር በብዛት የሚታይባቸው አካባቢዎች ናቸው፤ ሕሙማኑም በአብዛኛው ወደ ሕክምና የሚመጡት ውኃ መዋጥ ሲያቅታቸው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ለወራት አብሽና ተልባ ሲጠጣ ሊቆይ ይችላል፤ ልጡ ስለሚያንሸራትት ደረቁን ምግብ ትቶ እርሱን እየዋጠ፣ መድኃኒቱ እየረዳው ይመስለዋል። ስለዚህ «ጨጓራ ነው» ብሎ ለመጣ ሕመምተኛ፣ በተለይ ዕድሜው ከገፋ፣ ከሳሁ ካለ ወይም ሰገራው ከጠቆረ፣ መጀመሪያ የሚቀርበው ጥያቄ «ያቃጥልዎታል?» የሚለው አይደለም። «እንጀራ ሲውጡ ይይዝዎታል ወይ? ከያዘዎት ወዲህስ በምን ሲያስውጡ ቆዩ?» የሚለው ነው።