እርሾ የተዋዋሱ ሴቶች

በቅርቡ ወደ ቂርያት መላኪ፣ ወደ ገዴራና ወደ ያቭኔ የገባችሁ ወገኖቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ስለ ኡልፓን፣ ስለ ኩፓት ሆሊምና ስለ ልጆች ትምህርት ከዚህ በፊት ብዙ ተነጋግረናል። ዛሬ ደግሞ ምግብ እየሸጡ ቤተሰብ ስለሚያስተዳድሩ ሴቶችና አብረው ስለሚቀመጡበት ቦታ ታሪክ ላጫውታችሁ። ዓመቶቹን የምጠራው እዚህ አገር በሚቆጠረው ነው።

ከጉሊት ልጀምር። ጉሊትን ለእናንተ ማስረዳት ለቀባሪ ማርዳት ይሆንብኛል፤ ሆኖም እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን አያውቁትምና ታገሡኝ። አንዲት ሴት ጆንያዋን ታነጥፋለች፤ ሽንኩርቱን፣ ቲማቲሙን፣ ቃሪያውን በመደብ በመደብ ታስቀምጣለች። አጠገቧ ሌላዋ ያንኑ ሽንኩርት ይዛ ትቀመጣለች። እውነት ነው፣ ደንበኛ ይሻማሉ፤ ሲሰዳደቡም ሰምተናል። ግን አንዷ ልጇ ታሞባት ብድግ ስትል ዕቃዋን የምትጠብቅላት፣ ገዢ ሲመጣ ሸጣ ገንዘቡን በመሐረብ ቋጥራ የምታቆይላት ያችው ጎረቤቷ ናት። ዕቁቡም የሚጣለው እዚያው ነው። የባንክ ደጃፍ ረግጣ የማታውቅ ሴት ዕቁቧ ሲወጣላት የልጇን ደብተርና ጫማ ትገዛለች።

ትልልቁም ገበያ እንዲሁ ነው። የአዲስ አበባው መርካቶ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1936 እስከ 1941 ባለው ጊዜ፣ ወራሪዎቹ የአገሬውን ነጋዴ ከአራዳ አንስተው ወደ ምዕራብ ሲያዛውሩት የተቋቋመ ነው፤ ስሙም ከእነሱው ቋንቋ የመጣ ነው። ነጋዴው ግን እንደየሸቀጡ ጎን ለጎን ተቀመጠ። እህል በረንዳ፣ በርበሬ በረንዳ የሚሉት ስሞች ይህንኑ ይናገራሉ።

የእኛ የቤተ እስራኤሎች ነገር ትንሽ ለየት ይላል። የጎንደር ትልቁ ገበያ ቅዳሜ ገበያ ነው የሚባለው። ሰንበትን አጥብቆ ለሚጠብቅ ሰው ስሙ ራሱ እንቅፋት ነው። የወለቃ እናቶች በሸክላ ሥራ፣ አባቶች በቀጥቃጭነት ይታወቁ ነበር። ምግብ ግን ከሌላው ጋር የማንጋራው ነገር ነበር፤ ሌላው ያረደውን አንበላም፤ በመንጻት ሥርዓታችንም ብዙ ነገር ይለየን ነበር። በመንደራችን ውስጥ ግን ሁሉ ነገር ይዞራል። እርሾ ያለቀባት ከጎረቤቷ ትዋሳለች፤ በማግሥቱ ደግሞ ሌላዋ ከእሷ ትዋሳለች።

ከዚያ ወደዚህ መጣን። አንዳንዶቻችን በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል በሙሴ ዘመቻ፣ ሌሎቻችን በሜይ 1991 በሰሎሞን ዘመቻ። በዚያን ጊዜ 36 ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ገባ። እኔም በእናቴ ጀርባ ታዝለው ከመጡት አንዷ ነኝ። ከመርካዝ ክሊታ በኋላ አንድ መንደር የነበረው ሰው በየፎቁ ተበታተነ።

እናቴ እንጀራ ትጋግር ነበር። ጤፍ እንደልብ ስለማይገኝ የስንዴ ዱቄትና ሩዝ ትቀላቅላለች። ምጣዱ ሲሰካ መብራቱ ድርግም ይላል፤ የወጡ ሽታ ሲወጣ ጎረቤት በር ያንኳኳል። ሐሙስ ማታ ለሰንበት የሚሆን እንጀራ በወጥ ቤቱ በር በኩል፣ ድምፅ ሳታሰማ ትሸጣለች። ከእኛ በላይ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ደግሞ ሌላ ሴት ይህንኑ ታደርግ ነበር። እናቴ «ደንበኞቼን የምትወስድብኝ እሷ ናት» ትል ነበር። ያችም ስለ እናቴ እንደዚያው ትል እንደነበር የሰማነው በኋላ ነው። ሁለት ዓመት ያህል በአንድ ደረጃ እየወጡና እየወረዱ ተደባበቁ።

አንድ በጋ እርሾው ተበላሸባት። ሌላ የሚጋግር ቅርብ ሰው አልነበረምና እያፈረች እኔን ላከችኝ። እርሾውን በሻይ ብርጭቆ ይዤ ስወርድ ሴትዮዋ ራሷ ከኋላዬ ተከትላኝ መጣች። ቡና ተፈላ። ከጥቂት ወራት በኋላ በርበሬና ሽሮ የምታዘጋጅ ሦስተኛ ሴት ጨምረው የተዘጋች ማኮሌት ተከራዩ። ኪራዩ ለሦስት፣ ማቀዝቀዣው ለሦስት፣ የረባኑት የካሽሩት ወረቀትም አንድ። በመብራት ሒሳብ ብዙ ተጨቃጨቁ፤ ማን ምን ያህል እንደጋገረች በደብተር የምመዘግበው እኔ ነበርኩ፤ የዕብራይስጥ ደብዳቤ የማነበውም እኔ። ሱቋ ስድስት ዓመት ቆይታ ባለቤቱ ቤቱን ሲሸጠው ተዘጋች። ዕቁቡ ግን እስከ ዛሬ አለ።

ይህን መንገድ የጀመርነው እኛ አይደለንም። ገዴራን በ1884 የቆረቆሩት ቢሉ የተባለው ማኅበር ወጣቶች ናቸው፤ እነሱም ከሩስያ የመጡ አዲስ ገቢዎች ነበሩ። በ1949 እና በ1950 ከየመን ወደ 49 ሺህ ሰው ሲመጣ ጃኽኑንና መላዋሕ የቤት ምግብ ነበር፤ ዛሬ በየሱፐርማርኬቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ቂርያት መላኪም በ1951 መዓባራ ሆና ነው የተጀመረችው። ስሟ «የመላእክት ከተማ» ማለት ነው፤ ለምሥረታዋ የረዱትን የሎስ አንጀለስ አይሁዶች ለማሰብ ነው። የሚገርመው፣ በዚያችው ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ በሚባለው መንገድ፣ ድሮ የአይሁድ ሱቆች በነበሩበት ሠፈር፣ ኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶቻቸውን ጎን ለጎን ከፈቱ። አንዱ ከሌላው አልሸሸም። በ2002 የከተማው ምክር ቤት ቦታውን «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሰየመው። በእኛዋ የመላእክት ከተማ ግን በጃንዋሪ 2012 ለኢትዮጵያውያን ቤት አንሸጥም፣ አናከራይም ያሉ ሰዎች መኖራቸው ተሰምቶ ሕዝቡ ለተቃውሞ አደባባይ ወጣ። በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ከተሞች፣ እንዲህ ናቸው።

አሁን መሥራት ለምታስቡ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በ1968 በወጣው የንግድ ፈቃድ ሕግ መሠረት ምግብ አዘጋጅቶ ለመሸጥ የንግድ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የጤና ሚኒስቴርም የሚጠይቀው አለ። «ካሸር» ብሎ ለመጻፍ ደግሞ በሕግ የታወቀ የካሽሩት ወረቀት ያስፈልጋል። የኪራይ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ኢርያ ሄዳችሁ በዚያ ቦታ ምግብ መሥራት ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቁ። አብራችሁ ከሆነ ማን ምን እንደሚከፍል፣ አንዷ ብትወጣ ዕቃው የማን እንደሚሆን በጽሑፍ አድርጉት። እናቴና ጓደኞቿ ይህን ሳይጽፉ ቀርተው፣ በአንድ ማቀዝቀዣ ምክንያት አንድ ክረምት ሙሉ ተኳርፈዋል።

በቅርቡ አንዲት በ2022 የመጣች ወጣት እናት እርሾ ፈልጋ በራችንን አንኳኳች። እናቴ እርሾውን ከመስጠቷ በፊት «ልጄ፣ የት ነው የምትጋግሪው? ብቻሽን ነሽ?» አለቻት።