ከሰሜን ጠረፍ የተከፈተው መንገድ

ስለ ዐሊያችን ታሪክ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ አውሮፕላኑ ነው። መንገዱን በእግራቸው የከፈቱት ግን በኢትዮጵያ ሰሜናዊ ጠረፍ፣ በትግራይና በወልቃይት ይኖሩ የነበሩ ወገኖቻችን ናቸው። ቁጥራቸው ከጎንደሩ ወገን ያነሰ፣ መንደራቸውም የራቀ ስለነበር ታሪካቸው እምብዛም አይወሳም። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

በ1862፣ በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ የሚሲዮናውያን ግፊት በበረታ ጊዜ አባ መሃሪ የተባሉ መነኩሴ ሕዝቡን አስከትለው ወደ ኢየሩሳሌም ተነሡ። ባሕሩ እንደ ሙሴ ዘመን ይከፈልልናል የሚል እምነት ነበራቸው። ጉዞው ግን አክሱም አካባቢ ሲደርስ በረሃብና በበሽታ ተቋረጠ። ብዙዎች አለቁ፤ ከተረፉት ከፊሉ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ከፊሉ እዚያው ትግራይ ቀሩ።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1867፣ ከፈረንሳይ የተላከው አይሁዳዊ ምሁር ዮሴፍ ሃሌቪ ከምጽዋ ተነሥቶ በወልቃይት በኩል ወደ ቤተ እስራኤል ደረሰ። ነጭ አይሁዳዊ መኖሩን በመጀመሪያ የሚያምነው አላገኘም። የኢየሩሳሌምን ስም ሲጠራ ግን ልባቸው ተከፈተለት።

በ1979 የትግራይ ተወላጅ የሆኑት መምህር ፈረደ አክሉም ከደርግ መንግሥት ክትትል ሸሽተው ወደ ሱዳን ተሻገሩ። ከካርቱም ሆነው የድረሱልን መልእክት ላኩ፤ ሞሳድም ዳኒ ሊሞር የተባለውን ሰው ልኮ ፈልጎ አገኛቸው። አቶ ፈረደ በራሳቸው መዳን ብቻ አልረኩም። በሱዳን በኩል መውጫ መኖሩን ለዘመዶቻቸውና ለአገራቸው ሰዎች አስታወቁ። አባ መሃሪ ወደ ቀይ ባሕር ያቀኑት ጉዞ ትግራይ ላይ ቆሞ ነበር፤ ከ117 ዓመት በኋላ ከዚያው ከትግራይ ወደ ሱዳን ዞሮ ቀጠለ።

የትግራይና የወልቃይት ሰዎች ለድንበሩ ቅርብ ስለነበሩ ቀድመው ወጡ። አብዛኞቹ ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 ከተካሄደው ከዘመቻ ሙሴ በፊት እስራኤል ገብተዋል። ጎንደሬው የተከተለው እነርሱ የጀመሩትን መንገድ ነው። ዋጋው ከባድ ነበር፦ በመንገድና በሱዳን የስደተኞች ካምፕ ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን እንዳለቁ ይገመታል። መታሰቢያቸው ኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ ቆሟል። አቶ ፈረደም በ2009 አርፈው ቤር ሼባ ተቀብረዋል።

በማኅበራዊ ሠራተኛነቴ ወደየቤቱ ስገባ፣ «መንግሥት አመጣን» የሚሉ ወጣቶች ያጋጥሙኛል። አያቶቻቸው በእግራቸው የመጡ፣ ራሳቸው ወስነው የተነሡ መሆናቸውን የነገራቸው የለም። ራሱን እንደ ተጎታች የሚያይ ልጅ በትምህርት ቤትም በሠራዊትም አንገቱን ይደፋል። ስለዚህ በካርሜ ጋትም ሆነ በቀድሞው የቂርያት ጋት ሰፈር የምትኖሩ ቤተሰቦች፣ ሽማግሌዎቻችን በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው። ከየትኛው መንደር ተነሡ? በየት በኩል አለፉ? ማንን በመንገድ ቀበሩ? በአማርኛም በትግርኛም በዕብራይስጥም ቢሆን ጻፉት። ያልተጻፈ ስም ከባለቤቱ ጋር ይቀበራልና።