የአርሲ ታላላቅ ሯጮች ንጽጽር

በአሰላና በበቆጂ ደጋ ተወልደው በተለያየ ዘመን ከነገሡ የረጅም ርቀት ሯጮች ማን ይበልጣል የሚለው የቆየ የስፖርት ክርክር ነው (ዓመቶቹ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)።

ብዙውን ጊዜ የሚነጻጸሩት የአሰላው ኃይሌ ገብረሥላሴና የበቆጂው ቀነኒሳ በቀለ ናቸው። በ10,000 ሜትር ሁለቱም ሁለት ሁለት የኦሎምፒክ፣ አራት አራት የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ አላቸው። ቀነኒሳ በ2008 ኦሎምፒክና በ2009 የዓለም ሻምፒዮና 5,000 ሜትሩንም ደርቦ ወስዷል። በዓለም አገር አቋራጭ በአዋቂዎች 11 የግል ድል ሲኖረው ኃይሌ በዚያ መድረክ አሸንፎ አያውቅም። ኃይሌ በበኩሉ የማራቶንን የዓለም ክብረ ወሰን ሁለት ጊዜ ሰብሯል፤ ሁለተኛው በ2008 በርሊን ላይ የገባበት 2:03:59 ነው።

ፊት ለፊት የተገናኙበት የ2003 የፓሪስ የዓለም ሻምፒዮና የ10,000 ሜትር ውድድር በቀነኒሳ አሸናፊነት አለቀ። ይሁንና ኃይሌ 30፣ ቀነኒሳ 21 ዓመታቸው ነበርና ያንን ሩጫ ለማስረጃ መጥቀስ ፍትሐዊ አይደለም። ሰዓትም ቢሆን ያሳስታል፦ ቀነኒሳ በ2005 በ10,000 ሜትር የሮጠው የዓለም ክብረ ወሰን 26:17.53 ለ15 ዓመት ጸንቶ በ2020 በኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ የተሻሻለው አዲሱ የሩጫ ጫማና በመሮጫው ዳር የሚበራው ፍጥነት ጠቋሚ መብራት ከመጡ በኋላ ነው። በሜዳና በአገር አቋራጭ ግን ሚዛኑ ለቀነኒሳ ያደላል።

ክርክሩ ሴቶቹን መዘንጋቱ ትልቅ ጉድለት ነው። የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ 10,000 ሜትርን በ1992 እና በ2000 ኦሎምፒክ አሸንፋለች። ሌላዋ የበቆጂ ልጅ ጥሩነሽ ዲባባ 3 የኦሎምፒክና 5 የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ አላት፤ ይህም በሜዳ ሩጫ ከቀነኒሳ ጋር እኩል ነው።