መዥገሩ ማነው? ከወልቂጤ ጋጣ እስከ ፔንግዊን ደሴት

በጉራጌ ምድር እንሰት ያለ ላም አያምርም። እንሰቱን የሚያፋፋው ፍግ ነው፤ ፍጉ ደግሞ የሚገኘው ማታ ማታ ከቤተሰቡ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ከሚያድሩት ከብቶች ነው። ከብት ባለበት ደግሞ መዥገር አይጠፋም። ከወልቂጤ ወጣ ሲሉ በአበሽጌም ሆነ በቸሃ፣ በምሥራቁ በኩልም በቡታጅራ ዙሪያ፣ ላም የሚያልቡ እናቶች መዥገርን በጣታቸው እየነቀሉ ኖረዋል። የቱ መዥገር የት እንደሚገኝ ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልጋቸውም። ጀርባው ያሸበረቀው ትልቁ ግቷ ላይና ሆዷ ሥር ነው፤ እግረ ቀዩ ጅራቷ ሥር ይሸሸጋል፤ ሲጠግብ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ትንሹ ደግሞ አንገቷና ጎኗ ላይ ይበተናል። ሳይንሱ የመጀመሪያውን አምብሊዮማ፣ ሁለተኛውን ሪፒሴፋለስ ኤቨርትሲ፣ ሦስተኛውን ሪፒሴፋለስ ዲኮሎራተስ ይላቸዋል።

እስከዚህ ድረስ አላቢዋና ባለሙያው እኩል ናቸው። የሚለያዩት ሁለት አምብሊዮማዎች ጎን ለጎን የተቀመጡ ጊዜ ነው። ሁለቱም ያሸበረቁ፣ ሁለቱም ረዥም መውጊያ ያላቸው፣ ሁለቱም ግት የሚያቆስሉ ናቸው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመናገር ማጉያ መነጽር፣ የስም ዝርዝርና የረዥም ዘመን ክርክር ያስፈልጋል። ያ ክርክር የተካሄደው ደግሞ ከጉራጌ እጅግ ርቆ፣ አንዳንዴም በፔንግዊን መዥገር ላይ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የእንስሳትን ሳይንሳዊ ስም ሥርዓት ያስያዘው ሊኒየስ በ1758 መዥገሮችን ከጥቃቅን ተባዮች ጋር «አካረስ» በሚል አንድ ስም ጠቅልሎ አስቀመጣቸው። ተማሪው ፋብሪሲየስም በ1794 ዛሬ አምብሊዮማ ቫሪዬጋተም የምንለውን መዥገር ሲገልጽ አካረስ ብሎ ነበር። ካርል ሉድቪግ ኮክ የተባለ ጀርመናዊ የደን ሰው በ1844 አምብሊዮማን፣ ሪፒሴፋለስንና ሃያሎማን በየራሳቸው ወገን ለየ። ዛሬ ወልቂጤ ላይ ከአንድ በሬ የተነቀሉ መዥገሮች በአብዛኛው እነዚህ ሦስት ስሞች ውስጥ ይገባሉ። በ1909 ደግሞ በርሊን ላይ ቪልሄልም ዶኒትስ፣ ቀደም ሲል ቶኪዮ ላይ አናቶሚ ያስተማሩ ሐኪም፣ ሦስት አምብሊዮማዎችን በአንድ ጊዜ ሰየሙ፤ ኮሄረንስ፣ ሌፒደምና ጌማ። ሦስቱም በኢትዮጵያ ከብቶች ላይ ይገኛሉ።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን የ1901 ዓመት ነው። የቱሉዝ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት መምህር ሉዊ ዦርዥ ኑማን በዚያ ዓመት ከሰየሟቸው መካከል ሁለቱን እንውሰድ። አንደኛው ሪፒሴፋለስ አፔንዲኩላተስ ነው፤ በኬንያና በኡጋንዳ ከብት የሚፈጀውን የምሥራቅ ጠረፍ ትኩሳት የሚያስተላልፈው ቡናማው የጆሮ መዥገር። ሁለተኛው ኦርኒቶዶሮስ ካፔንሲስ ነው፤ የሞቃት ባሕር ወፎችንና የደቡብ አፍሪካን ፔንግዊን የሚመጥ ለስላሳ መዥገር። ኑማን ይህን ሁለተኛውን ራሱን የቻለ ዝርያ አላሉትም፤ የአንድ አሜሪካዊ መዥገር ልዩ መልክ አድርገው ነው ያስቀመጡት። በኋላ የመጡት ነጠሉት፤ ከነጠሉትም በኋላ ዙሪያውን የሚመሳሰሉ ዘመዶቹ እየበዙ መጡና «የካፔንሲስ ቡድን» የሚባል ነገር ተፈጠረ።

የባሕር ወፍ መዥገር ለመለየት የሚያስቸግረው ለምንድን ነው? ለስላሳ መዥገር የጀርባ ጋሻ የለውም፤ የአዋቂው አፍም ከበላይ ሲያዩት አይታይም፣ ከሥር ተደብቋል። በከብት መዥገር ላይ የምንተማመንባቸው ቀለምና ጋሻ እዚህ አይሠሩም። ስለዚህ የካፔንሲስን ቡድን ሊለይ የሚፈልግ ሰው አዋቂውን ትቶ ስድስት እግር ያለውን እጭ በማጉያ ሥር ያስቀምጥና የጀርባውን ፀጉሮችና የመውጊያውን ጥርሶች ይቆጥራል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ዲኤንኤ ተጨምሮበታል። ሌላው የባሕር ወፍ መዥገር፣ የቀዝቃዛው ባሕር ኢክሶደስ ዩሪየ፣ አዳም ኋይት በ1852 የሰየሙት፣ በሁለቱም የምድር ዋልታዎች አቅራቢያ ይኖራል። እሱ ጠንካራ መዥገር ነው፤ ግን ከኛዎቹ በአንድ ምልክት ይለያል። ሆዱ ላይ ያለው ቦይ ከፊንጢጣው በፊት ይዞራል፤ የአምብሊዮማና የሪፒሴፋለስ ከኋላ ነው። በደቡብ ሕንድ ውቅያኖስ በሚገኙት የክሮዜ ደሴቶች ይኸው መዥገር በብዛት ሲሰፍርባቸው አዋቂ ንጉሥ ፔንግዊኖችን ለሞት ሳያበቃ እንዳልቀረ በ1998 ታትሟል። ከውርጭ አገር መዥገር የለም የሚል ሰው ካለ ይህን ያንብብ።

ፔንግዊኑንና የእኛን ከብት በአንድ ጠረጴዛ ያገናኙት ግን ሃሪ ሁግስትራል ናቸው። በ1917 ቺካጎ ተወልደው፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ካይሮ ላይ ባቋቋመው ናምሩ-3 በተባለው የሕክምና ምርምር ጣቢያ ዕድሜያቸውን በመዥገር ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። በ1956 ስለ ሱዳን መዥገሮች ትልቅ መጽሐፍ አሳተሙ። በ1961 ከባልደረቦቻቸው ጋር ከአፍሪካ ተነሥተው በግብፅ በኩል ወደ አውሮፓና እስያ የሚሻገሩ ወፎች የተሸከሟቸውን መዥገሮች ዘረዘሩ፤ ጎልቶ የተገኘው ሃያሎማ ሩፊፔስ ነበር። ይህ መዥገር ሕፃን ሳለ በወፍና በጥንቸል፣ ሲጎለምስ በከብት ላይ ይኖራል። ከቡታጅራ ወደ ምሥራቅ ወርዶ ዝዋይ ሐይቅ ላይ የሚያርፈውን ስደተኛ ወፍ ለሚያይ ሰው ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ1981 ፔግራም፣ ሁግስትራልና ሂልዳ ዋሴፍ በኢትዮጵያ የከብት መዥገሮች ስርጭት ላይ የጻፉት ጥናት ታተመ። ከአራት ዓመት በኋላ በ1985 እነዚሁ ሁግስትራልና ዋሴፍ፣ ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር፣ በፔሩ የሃምቦልት ፔንግዊን ላይ የተገኘ አዲስ የካፔንሲስ ዘመድ ኦርኒቶዶሮስ ስፌኒስከስ ብለው ሰየሙ። ሁግስትራል በዓመቱ ካይሮ ውስጥ አረፉ። ስብስባቸው ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በጆርጂያ ሳውዘርን ዩኒቨርሲቲ በሚጠበቀው ብሔራዊ የመዥገር ክምችት ውስጥ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። የመጀመሪያው ሰፊ ቆጠራ ከ1965 እስከ 1969 በርዦንና ባሊስ ያካሄዱት ነው፤ የታተመው በ1974 በፈረንሳይኛ ነው። ሞሬልም በ1980 ስለ አገሪቱ መዥገሮች ጥራዝ አወጡ። ለወረዳ የእንስሳት ሐኪም በፈረንሳይኛ የተጻፈ የመዥገር ጥናት ምን ያህል እንደሚረዳው አንባቢ ይፍረድ። ነገሩ በአገር ልጅ እጅ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ከወልቂጤ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ አውቶብስ የሚያልፍባት ሰበታ፣ ዛሬ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የሚባለው የምርመራ ማዕከል መቀመጫ ናት። ስለሺ መኮንንና ባልደረቦቻቸው በ2001 የማዕከላዊ ኢትዮጵያን የጠንካራ መዥገሮች ስርጭት አሳተሙ፤ በ2007 ደግሞ ከፔግራም ጋር ሆነው ለስላሳውንም ጠንካራውንም የአገሪቱን መዥገር በአንድ ጽሑፍ ሰበሰቡ። ፔግራም የተሳተፉበት፣ በ2003 የታተመው የአፍሪካ የቤት እንስሳት መዥገሮች መለያ መጽሐፍም በሥዕል የተደገፈ በመሆኑ የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎቻችን ከእጃቸው የማይለዩት ሆኗል።

እነዚህ ጥናቶች አንድ እንቆቅልሽ አውጥተዋል። አምብሊዮማ ኮሄረንስ በሌላው ምሥራቅ አፍሪካ የጎሽ መዥገር ነው። በእርጥቡ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ግን ጎሽ በሌለበት ሁሉ የከብት መዥገር ሆኖ በብዛት ይገኛል። ጎሹ ጠፍቶ መዥገሩ ወደ ላሟ ዞረ? ወይስ ድሮም ሁለቱን ያጠቃ ነበር? መልሱን የሚሰጠው ከእያንዳንዱ ቦታ በትክክል የተለየና የተቀመጠ ናሙና ብቻ ነው። «አምብሊዮማ» ተብሎ ብቻ የተመዘገበ ናሙና ለዚህ ጥያቄ ባዶ ብልቃጥ ነው።

መለየቱ እንዴት እንደሚሠራ በቅርብ እንየው። የአምብሊዮማ ቫሪዬጋተም ወንድ ጀርባው ብርቱካናማ ነው፤ ዓይኑ ጎላ ብሎ ክብ ነው፤ ከኋላ ጠርዙ የተደረደሩት እጥፋቶች ግን ሁሉም ጥቁር ናቸው። ሌፒደምም ጎላ ያለ ዓይን አለው፤ የሚለየው ከእጥፋቶቹ አብዛኞቹ ቀለም የነካቸው በመሆናቸው ነው። ሰማያዊውን ሪፒሴፋለስ ዲኮሎራተስ ለመለየት ደግሞ ገልብጦ መውጊያውን ማየት ያስፈልጋል፤ ጥርሶቹ በግራ ሦስት ረድፍ፣ በቀኝ ሦስት ረድፍ ናቸው። አራት በአራት ሆነው ከተገኙ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ምናልባት ሪፒሴፋለስ ማይክሮፕለስ ሊሆን ይችላል። ይህ የእስያ መዥገር በ2007 በኮትዲቯር ተገኝቶ ምዕራብ አፍሪካን ያጥለቀለቀ ነው፤ በኬንያና በኡጋንዳም ታይቷል። በአንድ ረድፍ ጥርስ ልዩነት ድንበር የተሻገረ ወራሪ ይታወቃል ወይም ሳይታወቅ ያልፋል። (ሁለቱም እስከ 2003 ድረስ ቡፊለስ ይባሉ ነበር፤ መረልና ባርከር ወደ ሪፒሴፋለስ ጨመሯቸው። የድሮ መዝገብ የሚያነብ ግራ እንዳይገባው።)

የወፍ መዥገርስ ከኛ ቤት የለም ወይ? አለ፤ ቆጥ ላይ። ዶሮ ቀን ከተኛች ላም ላይ መዥገር እየለቀመች ትውላለች፤ ማታ ደግሞ ከግድግዳው ስንጥቅ የሚወጣው አርጋስ እሷን ይመጣታል። አዋቂው በሌሊት ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጠግቦ ወደ ስንጥቁ ይመለሳል፤ ስለዚህ ቀን ዶሮዋን ገልብጦ የሚያይ ሰው ክንፏ ሥር ከተጣበቀው እጭ በቀር ምንም አያገኝም። ሳይበላ ዓመታት መቆየት ይችላል። የዶሮ ስፓይሮኬት በሽታም ያስተላልፋል። ጥናቶቻችን ብዙውን ጊዜ አርጋስ ፐርሲከስ ብለው ይጽፉታል። እኔ ግን እዚህ ላይ እጠራጠራለሁ። ካይዘር፣ ሁግስትራልና ኮልስ በ1964 ፐርሲከስ ሲባሉ ከነበሩት መካከል ራሳቸውን የቻሉ የዱር ወፍ መዥገሮች እንዳሉ አሳይተዋል፤ አንዱ አርጋስ አርቦሪየስ ነው፣ ከብት ተከትሎ በሚውለው ነጭ ወፍ ማደሪያ የሚገኝ። በዓይን ብቻ ታይቶ ፐርሲከስ የተባለ ናሙና ሁሉ እንደገና ቢታይ ጥሩ ነው።

ይህ ሁሉ ለገበሬው ምን ይጠቅመዋል የሚል ይኖራል። ሰማያዊው መዥገር ከእጭነቱ እስከ ጥጋቡ ሦስት ሳምንት ያህል በአንድ ላም ላይ ይቆያል፤ በየሦስት ሳምንቱ የሚደረግ ርጭት ይደርስበታል። አምብሊዮማ ግን ሦስት ጊዜ እየወረደ ሦስት ጊዜ ይወጣል፤ በዚያው ርጭት አይገታም። ዲያዚኖን ወይም አሚትራዝ ገዝቶ ዝርያውን ሳያውቅ የሚረጭ ሰው ገንዘቡን በከፊል ሜዳ ላይ ያፈሳል። ከወልቂጤ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ባለው የጊቤ ሸለቆ ዓለም አቀፉ የአፍሪካ የእንስሳት ማዕከል (ኢልካ) ከ1991 ጀምሮ በከብት ጀርባ ላይ የሚፈስ ሳይፐርሜትሪን ሲሞክር ዒላማው የቆላ ዝንብ (ጼጼ) ነበር፤ ገበሬው ግን የመዥገሩንም መቀነስ ከጥቅሙ ቆጥሮታል። መድኃኒት ሁለት ሦስት ተባይ አንድ ላይ ሲመታ ደስ ይላል፤ የትኛውን መዥገር እንደመታ ካልተመዘገበ ግን የሚቀጥለው ወጪ በግምት ይሆናል።

ቡናማው የጆሮ መዥገር እስካሁን በኢትዮጵያ ሥር አልሰደደም። በዚያው ይቀር እንደሆነ የሚታወቀው በመመልከት ነው። ስለዚህ በወልቂጤ፣ በቡታጅራ ወይም በሌላ ቦታ ከብት የምታረቡ ሁሉ፣ ከጆሮ ውስጥ ያልለመዳችሁት ቡናማ መዥገር ብታገኙ በድንጋይ አትጨፍልቁት። ቆዳው አጠገብ በወረንጦ ይዛችሁ አፉ ሳይቆረጥ ንቀሉት፣ 70 በመቶ አልኮል ባለበት ብልቃጥ ክተቱት፣ ቦታውን፣ ቀኑን፣ እንስሳውንና የተገኘበትን የአካል ክፍል በእርሳስ ጽፋችሁ (ቀለም በአልኮል ይለቃል) ብልቃጡ ውስጥ ጨምሩና ለወረዳችሁ የእንስሳት ክሊኒክ ስጡ። መዝገቡ ላይም «መዥገር» ተብሎ ብቻ እንዳይጻፍ ባለሙያውን አጥብቃችሁ ጠይቁ።