ሊኑክስ ላይ ሶፍትዌር የመጫን ጣጣ፦ ከ1991 እስከ ፍላትፓክ

ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሄልሲንኪ ውስጥ ተማሪ ሳለ የለቀቀው ከርነል ብቻ ነበር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከርነል በሃርድዌሩና በፕሮግራሞቹ መካከል ቆሞ ሁለቱን ያገናኛል እንጂ በራሱ ደብዳቤ አይጻፍበትም፣ ፊልም አይታይበትም። የቀረውን ከየቦታው ሰብስቦ ለተጠቃሚ የማቅረቡ ሥራ ዛሬ ዲስትሮ ለምንላቸው ቡድኖች ተተወ። እነሱ ደግሞ ብዙ ናቸው፤ አንዱም ሌላውን የማዘዝ ሥልጣን የለውም። ዴስክቶፕ ሊኑክስ ላይ ፕሮግራም መጫን ለምን እንዲህ እንደሚያስቸግር ለሚጠይቅ ሰው የኔ መልስ ይኸው ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተለመደው መንገድ ምንጭ ኮዱን አውርዶ እዚያው ኮምፒውተር ላይ መገንባት ነበር። «ኮንፊገር» ብለው ሲያዙ ፍተሻው መስመር በመስመር ስክሪኑን ይሞላዋል፤ ከዚያ «ሜክ»፣ በመጨረሻ «ሜክ ኢንስቶል»። ፍተሻው አንድ ላይብረሪ ካጣ ቀጥ ይላል። ያንን ፈልገው ሲያመጡለት፣ የመጣው ላይብረሪ በተራው ሌላ ይጠይቃል። ተሳክቶ ተጫነ እንበል፤ ማስወገድ ሲፈለግስ? የትኛው ፋይል የት እንደገባ የሚናገር መዝገብ ብዙውን ጊዜ አይገኝም።

በ1993 ፓትሪክ ቮልከርዲንግ ስላክዌር የተባለውን ዲስትሮ፣ ኢያን መርዶክ ደግሞ ዴቢያንን ጀመሩ። ስላክዌር ፕሮግራሞቹን በፓኬጅ አሽጎ ሰጠ፤ ፓኬጁ ምን እንደሚጎድለው ማጣራት ግን የተጠቃሚው ፈንታ ነበር። ዴቢያን በዲፒኬጂ፣ ሬድ ሃት በአርፒኤም አንድ እርምጃ ተራመዱ፦ ፓኬጁ ራሱ የሚፈልጋቸውን ይዘረዝራል። ሆኖም «ይህ ጎድሎኛል» ማለትና የጎደለውን ማምጣት ለየቅል ናቸው። አንዱን ፓኬጅ ለመጫን ሁለተኛው፣ ለሁለተኛው ሦስተኛው ያስፈልጋል፤ ሦስተኛው ሲገኝ ለሌላ ስሪት የተሠራ ሆኖ ይገኛል። በዚያ ዘመን ሬድ ሃትን የተጠቀሙ ሰዎች «የአርፒኤም ሲኦል» ያሉት ይህንን ነው።

ከሲኦሉ ያወጣው ኤፒቲ ነው። በ1999 ከወጣው ዴቢያን 2.1 ጋር ሲመጣ የጎደለውን ሁሉ ራሱ ከኔትወርክ እያመጣ፣ ቅደም ተከተሉን ጠብቆ ይጭን ጀመር። የአፕል አፕ ስቶር የተከፈተው ከዚያ 9 ዓመት ቆይቶ በ2008 መሆኑን ልብ ይሏል። በ2023 የወጣው ዴቢያን 12 ከ64,000 በላይ ፓኬጆች አሉት፤ የግዕዝ ፊደል የያዘው አቢሲኒካ ፎንት እንኳ ከመካከላቸው ስላለ በአንድ ትእዛዝ ይጫናል። ሬድ ሃትና ዘመዶቹም በያም፣ ኋላም በዲኤንኤፍ ተከተሉ። በ2004 የመጣው ኡቡንቱ ይህንኑ የዴቢያን ሀብት ወርሶ ለተራው ተጠቃሚ አቀረበው።

ታዲያ ጣጣው አለቀ? አላለቀም፤ ከተጠቃሚው ትከሻ ወርዶ ፕሮግራሙን በሚሠራው ሰው ላይ ተጫነ። የዴቢያን ፓኬጅ ከሬድ ሃት ወገን በሆነው ፌዶራ ላይ አይሆንም፤ ለአዲስ ኡቡንቱ የተገነባ በአሮጌው ላይ እምቢ ሊል ይችላል። ቶርቫልድስ ራሱ በ2014 ፖርትላንድ በተካሄደው የዴቢያን ጉባኤ ላይ ምሬቱን ሲናገር ምሳሌ ያደረገው እሱ የጀመረውን ሰብሰርፌስ የተባለ የጠላቂዎች መመዝገቢያ ፕሮግራም ነው። ለዊንዶውስና ለማክ አዘጋጅቶ ማቅረብ ሲቻል ለሊኑክስ ግን የየዲስትሮው ልዩነት ፈተና ሆኖበት ነበር። የሊኑክስ አባት እንዲህ ካለ ሌላው ምን ይበል!

በ2016 በሰፊው የተዋወቁት ፍላትፓክና ስናፕ ፕሮግራሙ የሚፈልጋቸውን ላይብረሪዎች ይዞ እንዲመጣ አደረጉ። ጥሩ መላ ነው፤ ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። አንድ ትንሽ ፕሮግራም በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ሊያስከትል ይችላል፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ሰው ይህ የካርድ ጉዳይ ነው። ስናፕ ደግሞ መደብሩ የኡቡንቱ ባለቤት በሆነው በካኖኒካል እጅ ብቻ በመሆኑ ሊኑክስ ሚንት የተባለው ዲስትሮ በ2020 ያለ ተጠቃሚው ፈቃድ እንዳይገባ ዘጋው።

የድሮው አደጋም አልጠፋም። በ2021 የዩቲዩብ አቅራቢው ሊነስ ሰባስቲያን ፖፕ ኦኤስ በተባለው ዲስትሮ ላይ የጨዋታ መደብሩን ስቲምን ሊጭን ሲሞክር፣ ፓኬጆቹ በስሪት ባለመጣጣማቸው ኤፒቲ ዴስክቶፑን አብሮ ሊያስወግድ መሆኑን አስጠነቀቀው። ለመቀጠል «አዎ፣ ያልኩህን አድርግ!» የሚል ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ እንዲጽፍ ተጠየቀ። ጻፈ። ዴስክቶፑ ጠፋ። ኤፒቲ ከዚያ በኋላ ያቺን ዓረፍተ ነገር እንዳይቀበል ተደርጎ ተሻሻለ።

ሊኑክስን ዛሬ የምትጀምሩ ሁሉ፣ መጀመሪያ የዲስትሯችሁን የራሱን ፓኬጅ ፈልጉ፤ አዲስ ስሪት የግድ ካስፈለገ ፍላትፓክን ሞክሩ። ከየድረ ገጹ የተቀዳ ትእዛዝ በሱዶ፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ሥልጣን፣ አታስኪዱ። ኤፒቲ «እቀጥል?» ሲላችሁም የሚወገዱትን ፓኬጆች ዝርዝር እስከ መጨረሻው ሳታነቡ እሺ አትበሉ።